መሳም የተከለከለች እናት

አስጎብኚው ሸጋው፣ ኩላሊት ተተክሎለት ላሊበላ ሲመለስ፣ አገሩ ለሰርግ የተጠራ ያህል ተሰብስቦ ተቀበለው። ቱሪስት ሲያስቅ የሚውለው ሰው አፉን በማስክ ሸፍኖ፣ ከታላቅ እህቱ ከባንቺዓለም ጀርባ ቆሞ ለሰዉ በሩቁ እጅ ይነሳ ነበር። ኩላሊቷን የሰጠችው እሷ ናት። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» እያሉ መረቋት። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ግን አስጠንቅቋታል፤ የሚውጠው መድኃኒት ሰውነቱ ባዕዱን ኩላሊት እንዳይጣላ መከላከያውን ያደክመዋል፤ ለሌላው ቀልድ የሆነ ጉንፋን እሱን ሊጥለው ይችላል፤ ስለዚህ ማንም እንዳይስመው።

ይህን ለላስታ ሰው መንገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከኮን ድረስ የመጣ ዘመድ ጉንጭ ሳይስም ተመልሶ ምን ሊባል ነው? ባንቺዓለም ይሉኝታዋን ዋጥ አድርጋ ሁሉንም ከበር መለሰች። እናቷን እማማ አስቻለችን ብቻ መመለስ አልሆነላትም። አሮጊቷ በክንዷ ሥር ሾልካ ልጇን እቅፍ አድርጋ አንገቱን፣ ግንባሩን፣ ዓይኑን ሳመችው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሸጋውን ትኩሳት ያዘው፤ ምግብ አልረጋለት አለ። ቫይረስ ነው ተባለ። ባንቺዓለም ምላሷን መያዝ አቃታት።

«እኔ አካሌን ቆርጬ ሰጠሁት፤ አንቺ ስመሽ ልትገድይው ነው» አለቻት እናቷን።

ከዚያ ወዲህ አሮጊቷ ልጇን የምትጠይቀው ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሆነ። ወደ አዲስ አበባ ሲወስዱትም የመኪናውን በር ዳብሳ ቀረች።

ሐኪሙ ሰውነቱ ቫይረሱን እንዲዋጋ መድኃኒቱን ቀነሰለት። ለሌባ የተፈታ ውሻ እንግዳውንም እንደሚነክስ፣ የነቃው መከላከያ ኩላሊቱን ማጥቃት ጀመረ። መከላከያውን በመድኃኒት መልሰው ሲያስሩት ደግሞ ቫይረሱ በረታ። ሸጋው በዚህ መሀል አረፈ።

ባንቺዓለም የእናቷን መሳም ለሐኪሙ ስትነግረው በአሉታ ራሱን ነቀነቀ። ይህ ቫይረስ ብዙ ሰው ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ተኝቶ ይኖራል፣ ጤነኛውን አይነካም አላት። በእሷ ደም ውስጥ ነበር፤ በወንድሟ ደም ውስጥ አልነበረም። ከኩላሊቱ ጋር ሳይመጣ አይቀርም። ይህ ሊሆን እንደሚችል ከቀዶ ጥገናው በፊት ነግሯት ነበር፤ ያኔ እሷ የሰማችው «ኩላሊትሽ ይስማማዋል» የሚለውን ብቻ ነው።

አስከሬኑን ይዛ ስትመለስ እናቷ ጋሸና መገንጠያው ላይ ከለቀስተኛው ጋር ቆማ ጠበቀቻት። ሳጥኑ በምስማር ተመትቷል። እማማ አስቻለች ወደ መኪናው ቀረበች፤ ነጠላዋን ግን ከአፏ አላነሳችም።

«አሁንስ ልሳመው? አይጎዳውም?»

«ያኔም አልጎዳሽውም እማ። በሽታው ከእኔ ነው የመጣው፤ ከኩላሊቴ።»

እናት እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች።

«ታዲያ ለምን ከለከልሽኝ?» አለች። ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ እንጨቱን ሳመችው።