ሁሌ የምታሸንፈው ካርድ

እየሰበሰብን የምንጋጠምባቸው ስልሳ ካርዶች አሉኝ። ለዘንድሮው ውድድር ብዬ ከመካከላቸው አራቱን አወጣሁና በቦታቸው አራት «ቅያሪ» አስገባሁ። ቅያሪን የጣለ ተጫዋች እጁ ላይ ያሉትን ካርዶች በሙሉ ከተጋጣሚው ጋር ይለዋወጣል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሚስቴ ጋር ሞከርኳት። ቅያሪን ጣል ባደረግኩ ቁጥር፣ «በቃ፣ አሸንፈሃል!» ብላ ትነሳለች። አንድ ጊዜ እንኳ አልተሸነፍኩም።

ውድድሩ ላይ በመጀመሪያው ዙር የደረሰኝ ሰውዬ ካርድ በሳበ ቁጥር አውራ ጣቱን ይልሳል። ላስ፣ ሳብ! ላስ፣ ሳብ! የካርዶቹ ጠርዝ በምራቅ ያብለጨልጫል። እጄ ላይ ሁለት ቅያሪ ነበረኝ፤ አንዷን ብጥል አለቀለት። ግን ያንን ምራቅ የጠጣ ካርድ በየትኛው እጄ ልቀበለው? ሳልጥላት ተሸነፍኩ። ይባስ ብሎ በዚያው ጣቱ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋልኝ! አየሁት እንጂ አልነካሁትም።

ቤት ገብቼ ቅያሪዎቹን ላወጣ ካርዶቼን አንድ በአንድ እየገለጥኩ ለሚስቴ ነገርኳት።

«እንዴት ሰው በሰው ፊት እንዲህ ይሆናል? አይቀፈውም? አሳዳጊ የበደለው!»

ሚስቴ እንደመሳቅ እንኳ አላለችም። እጄን ነው የምታየው።

«እኔስ ቅያሪን ስትጥል ለምን እንደምነሳ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ልመልስላት ስል አውራ ጣቴን ከምላሴ ላይ ማንሳት ነበረብኝ።