ከላይፕዚግ የመጣው ስህተት

ላቪኒያ ተትል ሲንሲናቲ ውስጥ ለአንድ ኦርኬስትራ ኖታ እየገለበጠች የምትኖር የኦሃዮ ልጅ ናት። የሰው ድርሰት ስትገለብጥ ኖራ ኖራ አንድ ቀን የራሷን ጻፈች። ለመሪው ለጀርመናዊው ክሮል ብትሰጠው፣ ሽፋኑን እንኳ ሳይገልጥ፣ «የት ነው የተማርሽው?» አላት።

«እዚሁ ኦሃዮ፣ ዴይተን።»

«ዴይተን!» ብሎ ወረቀቱን መለሰላት፤ አበቃ። በዚያ ዘመን ጀርመን አገር ያልተማረ ሰው ሙዚቃ ጻፈ ከሚሉት በቅሎ ወለደች ቢሉት ክሮል ማመን ይቀለዋል።

እሷ ደግሞ እልኸኛ ናት። እጅ ጽሑፏን ለውጣ፣ በጥድፊያ እንደገና ጻፈችውና «ሉዶልፍ ቫይሰንባህ፣ ላይፕዚግ፣ ጀርመን» ብላ የፈጠረችውን ስም ፈርማበት ለክሮል ከመጡት ፖስታዎች መሃል ሸጎጠችው። በሳምንቱ ክሮል ወረቀቱን እያውለበለበ መጣ።

«ሙዚቃ ማለት ይሄ ነው! ቶሎ ለተጫዋቾቹ ገልብጪልኝ!»

እየሳቀችም እየከፋትም ገለበጠች። ስሟ የለበትማ።

በልምምዱ ቀን ሽማግሌው ጥሩምባ ነፊ ካስፓር መሃል ላይ ቆም አለ። «ጌታው፣ እዚች ጋ ከቫዮሊኖቹ ጋር ተጣላሁ። ጆሮ ይቆረቁራል።»

ላቪኒያ ክው አለች። ያን ጊዜ ስትጣደፍ አንዲቱን ኖታ ዝቅ አድርጋ ጽፋት ኖሯል።

ክሮል ዋናውን ወረቀት አየና፣ «እዚህም እንዲሁ ነው። ከላይፕዚግ ስህተት ይመጣል? ይሄ የሊቅ ድፍረት ነው! ድገሙት፣ ጮክ አድርጋችሁ!» አለ።

ደገሙት። ወይ ጉድ! ያቺ የምትወዳት ዜማ እንደታመመች ጥጃ ጮኸች። ዝም ብትል ድርሰቷ ቅዳሜ ሕዝብ ፊት ይቀርባል፤ ከነጉዱ፣ በሌላ ሰው ስም። ብትናገር ደግሞ ጭራሽ ላይቀርብ ነው። አላስቻላትም።

«ስህተት ነው!» አለች ብድግ ብላ።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኛ! ቫይሰንባህ የሚባል ሰው የለም።»

የክሮል ፊት በርበሬ መሰለ። ባርኔጣውን አንስቶ ወደ በሩ ሄደ። የላቪኒያ እንባ መጣ።

ካስፓር ግን፣ «የትኛዋ ናት፣ ልጄ?» አላት። አሳየችው። በእርሳስ አረማትና ነፋት። ቫዮሊኖቹ ተከተሉት፤ ከበሮውም ገባ። ያለ መሪ ያን ዜማ ያስኬዱት ጀመር። እሰይ!

ክሮል የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆሞ ይሰማ ነበር። ተመልሶ መጣና በመምሪያ ዘንጉ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«ምን ያስሮጣችኋል? ከብት ነው የምትነዱት?» ብሎ ጮኸባቸው። ከዚያ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ «ወይዘሪት ተትል» አላት፤ «ፍጥነቱ እንዴት ይሁን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»