ሐምሌ ሠላሳ አንድ

ሐምሌ ሠላሳ አንደኛ ቀን እንደሌለው የማያውቅ ሰው የለም። እኔ ግን ያን ቀን ተጽፎ ያየሁት ዋናው ወረቀት በልጄ መሥሪያ ቤት ጓድ ሐዲስ ጠረጴዛ ላይ ካደረ በኋላ ነው።

ነሐሴ አሥር ቀን 1981 ዓ.ም. ነበር፤ ረቡዕ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ግድም። የቁምሳጥኑን መደርደሪያ ወረቀት እቀይራለሁ። ልጄ ሣራ ታትሞ ቀለሙ በመፍዘዙ የተጣለ የኮምፒዩተር ወረቀት ከመሥሪያ ቤቷ ታመጣልኛለች፤ ረዥም፣ ግራና ቀኙ የተበሳሳ። እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር ሳላነብ ማንጠፍ አልችልም። ማዘጋጃ ቤት ዘጠኝ ዓመት ታይፒስት ስለነበርኩ ዓይኔ ቁጥር ይለቅማል። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት። ሐምሌ 29። ሐምሌ 30። ሐምሌ 31፤ አጠገቡ ያለው ስም ፈዟል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ወረቀቱን እንደያዝኩ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሣራ የምትሠራው የትራክተር መለዋወጫ በሚያከፋፍል የመንግሥት ድርጅት ውስጥ ነው። ዓምና እዚያ ኮምፒዩተር መጣ። ይህ ማሽን አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ማን በስሙ እንደገባበት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሆነ፣ ማንም ሳያዘው ራሱ ይመዘግባል።

«እንደ ቀበሌ ጥበቃ ነው በይኛ!» ብላት፣

«ከቀበሌ ጥበቃ ይሻላል እማዬ፤ እሱ አይተኛም» አለችኝ። ዝም በይ፣ ግድግዳው ቀጭን ነው አልኳት።

መዝገቡ እንዲህ እንደዋዛ የሚነበብ አይደለም፤ ቁጥር በቁጥር ላይ የተደረተ ነው። ስለዚህ ሣራ አዲስ አበባ ስድስት ወር በተማረችው ሲ በሚባል ቋንቋ ፕሮግራም ጻፈችለት።

«ስሙ ሲ ብቻ ነው?»

«ብቻ ነው።»

«ክርስትና ሳይነሣ ነው የላኩላችሁ?»

ሳቀችብኝ። ፕሮግራሙ መዝገቡን ከፍቶ መስመር በመስመር ያነባል፤ ስሙን ለብቻ፣ ወሩንና ቀኑን ለብቻ ይለያል፤ ከዚያ ሠንጠረዥ አድርጎ ያትማል። ማሽኑ የኛን ፊደል ስለማያውቅ የወሮቹን ስም በላቲን ፊደል ነው የምታስጽፈው።

ታዲያ ሐምሌ 24 ቀን የሻሸመኔ ቅርንጫፍ የመለዋወጫ ዝርዝር ከማሽኑ ውስጥ ጠፋ። ከግንቦቱ ግርግር ወዲህ ደግሞ የጠፋ ነገር ጠፋ አይባልም፤ አሻጥር ይባላል። የድርጅቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ሐዲስ «ያን ቀን ማሽኑ ላይ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። የሣራ ፕሮግራም መዝገቡን አንብቦ በሐምሌ 24 ትይዩ አንድ ስም ብቻ አወጣ፤ ጆቴ።

ጆቴ የሥራ ባልደረባዋ ብቻ አይደለም። በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ማሽኑን ማብራት ማጥፋት ያስተማራት እሱ ነው። ያን ቀን ወለንጪቲ ለቅሶ ሄጄ ነበር ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ ማሽን አይዋሽም ተባለ። በዚያው ረቡዕ ጠዋት ስብሰባ አዳራሽ አግተው አስቀመጡት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ መኪና መጥቶ ይወስደዋል የሚለውን የነገረችኝ ሚስቱ ጉዲቱ ናት፤ ትንሹን ልጇን አዝላ፣ ሁለቱን በቀሚሷ አንጠልጥላ። «ምንም አይደለም፣ ይመለሳል» አልኳት። በልቤ ግን እስር ቤት የምንልክለትን ብርድ ልብስ እየመረጥኩ ነበር።

አሁን ነገሩ ተገለጠልኝ። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ሣራ ጁላይ የሚለውን ሐምሌ አድርጋ ቀኑን እንዳለ ትታዋለች! ልፈርድባት አልችልም። እኔም ማዘጋጃ ቤት ሳለሁ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ላይ ጁላይን ሐምሌ እያልኩ ስመታ ኖሬአለሁ። ግን በዚያ ምክንያት የታሰረ ሰው አልነበረም።

ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ። ጋሪ አስቆምኩ። ባለ ጋሪው አየኝና፣

«እናቴ፣ ምጥ ነው እንዴ?» አለ።

«ከምጥ የባሰ። ሐምሌ ሠላሳ አንድ ነው።»

«ኧረ ዛሬ ነሐሴ አሥር ነው!»

«እሱን ለጓድ ሐዲስ ንገርልኝ!» አልኩና ወዲያው አፌን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ስለ ዝናብ ብቻ አወራሁ።

በር ላይ ዘበኛው አቶ መርዳሳ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ሳቁ።

«አካም ጅርቱ፣ እትዬ ዘውድነሽ! ዛሬስ ምን ሆነ? ባለፈው ሹራብ ረሳች ብለው መጡ። ከዚያ በፊት ኤሌክትሪክ ይይዛታል ብለው።»

«የዛሬው እውነተኛ ነው።»

«የሁሉ ጊዜውም እውነተኛ ነው» ብለው አስገቡኝ።

ሣራ ማሽኑ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ወረቀቱን ፊቷ ዘርግቼ ጣቴን 31 ላይ አኖርኩ።

«ውይ» አለች። «ውይ፣ ውይ፣ ውይ።»

«ስንት ቀን ነው የተዛነፈው?»

«ሰባት። የእነሱ ጁላይ ስምንት የኛ ሐምሌ አንድ ነው። ሐምሌ 24 ብዬ ያተምኩት ሐምሌ 17 ነበር ማለት ነው። ጋሽ ጆቴ የገባው በ17 ነው!»

«ያኔ ዝርዝሩ ነበረ?»

«ነበረ እንጂ! በሃያ እኔ ራሴ አትሜዋለሁ። ሁለቱም ቀን ሰኞ ነው፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ እኔ ሞጆ ነኝ። ለዚህ ነው ያልጠረጠርኩት።»

«እንግዲያው ቶሎ በይ። ከስምንት በታች ያሉትን ደግሞ ሰኔ አድርጊያቸው፤ ሌላ ጉድ እንዳይመጣ።»

ፕሮግራሟን ከፍታ ጥቂት መስመር ጨመረች። ማሽኑ አንዴ መለሰባት፤ መስመር መጨረሻ ላይ ድርብ ሰረዝ ረስታለች። ለአንዲት ድርብ ሰረዝ ይህን ያህል መኮሳተር! በሁለተኛው ተቀበላት። ማተሚያው እንደ ስፌት መኪና እያንጣጣ ወረቀቱን ተፋ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ሐምሌ 24ን ፈለግን። አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ።

ሐዲስ።

በሕይወቴ ብዙ ክፉ ነገር አስቀድሜ አስቤ አውቃለሁ። ይህን ግን አላሰብኩትም ነበር።

«ምን ሊሠሩ ገቡ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ለቁጥጥር ብለው ስም አስከፍተው ነበር። ልምድ ግን የላቸውም። አንዲት ቁልፍ ተሳስተው ነክተው ይሆናል።»

«ቅደጂው።»

«ጋሽ ጆቴስ?»

«ቅደጂው አልኩሽ! እሱን የሚወስደው መኪና ነገ ተመልሶ አንቺን ይወስድሻል።»

ትክ ብላ አየችኝ። አባቷም ሲናደድ እንዲህ ነበር የሚያየኝ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። የጉዲቱ ልጆች ዓይን ውል አለብኝ።

«ቀኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «የራሴን ስህተት ብቻ ነው የምነግራቸው። የቀረውን ራሳቸው ያንብቡት። አንቺ እዚህ ቆዪ።»

«ሞቼ ነው!» አልኩና ተከተልኳት።

ጓድ ሐዲስ ሻይ እየጠጡ ነበር። ሣራ ቆማ ስለ ጁላይና ስለ ሐምሌ አስረዳቻቸው፤ ስህተቱ የእኔ ነው አለች፤ አዲሱን ወረቀት አቀረበችላቸው። መነጽራቸውን ወደ ታች አውርደው በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ወረዱ። ጣታቸው ቆመ። ሻዩ ላይ ዝንብ አረፈችበት፤ እሽ አላሏትም።

«ለአምስት ደቂቃ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «ለማየት ብቻ ነው የገባሁት።» ከዚያ ቀና አሉ። «ይህን ማን አየው?»

«እኔና ልጄ» አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ። «እኔ ግን ጓድ፣ መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው የመጣሁት። ከቁጥሩ በቀር ምንም አልታየኝም።»

ረዥም ጊዜ አዩኝ። መነጽር እንደሌለኝ ያወቁ መሰለኝ፤ ጨርሶ ገዝቼ አላውቅም።

«ዝርዝሩ ግን ይመለሳል» አለች ሣራ። «በሐምሌ ሃያ ያተምኩት ፋይል ውስጥ አለ። ቁጭ ብዬ እስከ ዓርብ መልሼ አስገባዋለሁ።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽንም?»

«የተጠየቅሁት ማን እንዳጠፋው ነው እንጂ እንዴት እንደሚመለስ አይደለም፣ ጓድ።»

ክንዷን ቆነጠጥኳት። ጓድ ሐዲስ ግን ስልኩን አነሡ። አዲስ አበባን ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ እኔ በዚያ ሩብ ሰዓት ሦስት ጊዜ ታስሬ ተፈታሁ።

«ሀሎ! ሀሎ! መኪናው አያስፈልግም። ወጥቷል? እሺ፣ እኛ እንመልሰዋለን። ዝርዝሩ ተገኝቷል። የለም፣ አሻጥር አይደለም። የቴክኒክ ስህተት ነው። የማሽኑ፣ አዎ፣ የማሽኑ።»

ስልኩን ዘግተው ወረቀቱን በአራት አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት።

«ፕሮግራሙ ይህን እንደገና ማተም ይችላል?»

«የጠየቀው ሰው ካለ ይችላል።»

«እንግዲያው ማንም አይጠይቀው። ጆቴን ጥሩት፤ ወደ ሥራው ይሂድ።»

እኔ ግን መኪናው ባዶውን ሲመለስ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብዬ በር ላይ ቆምኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ላንድሮቨሩ ጭቃ እየረጨ ደረሰ። ሾፌሩ ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ።

«ለባዶ ነው መቶ ኪሎ ሜትር ያስነዳችሁኝ?»

«ለምን ባዶ?» አሉ አቶ መርዳሳ። «ፓፓያ ጭነህ ተመለስ። እሱ እንኳን ጥያቄ አይጠይቅህም።»

ሾፌሩ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ወደ ገበያ ሲታጠፍ አየሁት፤ ወደ ሞጆ መንገድ ሲወጣም አቶ መርዳሳ በርጩማ ላይ ቆመው አዩልኝ።

ሣራ፣ ጆቴና እኔ ሦስታችን በእግር ተመለስን። ሣራ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች።

«ጋሽ ጆቴ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። እኔ ነኝ ያስያዝኩህ።»

«አንቺ ልጅ፣ ያሳሳትሽው ቀኑን ብቻ ነው» አለ። «ስሜን እኮ አሳምረሽ ጽፈሽዋል። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው።»

«ምን?»

«ወለንጪቲ አምስት ሰዓት ሙሉ አልቅሼ፣ ሄደሃል ብሎ የሚያምነኝ ሰው ማጣቴ።»

ጉዲቱ ከግቢው ውጭ መንገድ ላይ ቆማለች። ሲያዩት ልጆቹ ቀድመው ሮጡ። እሷ አልሮጠችም፤ ያዘለችውን ልጅ አውርዳ ሰጠችውና መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «አሁንማ መጣሁ እኮ» ይላታል። «ስለመጣህ ነው» ትለዋለች።

ጨለማው ገና ዓይን ሳይዝ ሁላችንም ገባን። እኔ ግን ለደቂቃ ያህል ከበሩ አልራቅሁም፤ ሞተር ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ነበር። አውቶቡስ ነው አለች ሣራ። ይሁን አልኩ።

«እትዬ ዘውድነሽ፣ የቀረ ሰው አለ?» አለ ጆቴ ልጁን እንዳቀፈ።

ቆጠርኩ። ሦስቱ ልጆች፣ ጉዲቱ፣ ሣራ፣ እሱ።

«ሁሉም ገብቷል።»

የግቢውን በር በትከሻው ገፋ፣ መቀርቀሪያውን ጣለ፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረው።