በነጠላሽ አትጥረጊኝ

አበራሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከስድስት ዓመት ልጇ ከሊድያ ጋር ከወገዳ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ትኖራለች። የዓይን ማዝ ጎድቷታል፤ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን ይወጋታል። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ትቀመጥና ሊድያ በወረንጦ ትነቅልላታለች። ሲያበቁ እናት የራሷን እንባ ባበሰችበት ነጠላ የልጇን ፊት ትጠርግላታለች። እንዲህ ነበር የሚኖሩት።

መስከረም ላይ ሊድያ ትምህርት ቤት ገባች። መምህርቷ ማስተዋል ሕፃናቱን ፊት መታጠብና እጅን በሳሙና ማሸት አስተማረቻቸው። "የታመመ ሰው ዓይኑን የጠረገበት ጨርቅ ፊታችሁን እንዳይነካው፤ ያሳውራል" አለቻቸው።

በማግስቱ አበራሽ ነጠላዋን ስትዘረጋ ልጅቱ ወደ ኋላ ሸሸች።

"በነጠላሽ አትጥረጊኝ።"

"ለምን፣ የኔ ዓለም?"

"ታሳውሪኛለሽ። እትዬ ማስተዋል ነግራናለች።"

ከዚያ ወዲህ ወረንጦውንም አልነካችም። ከእናቷ ጎን መተኛት ትታ መደቡ ጥግ ላይ ለብቻዋ ትጠቀለላለች። አበራሽ አልተቆጣችም። ምንጩ ሩቅ ቢሆንም እየተደናበረች ወርዳ የልጇን መታጠቢያ ውኃ ታመጣለች። ሽፋሽፍቷን የሚነቅልላት ግን አጣች። ጎረቤት እንዳትለምን፣ "ልጅሽስ?" ቢሏት ምን ትመልሳለች?

ጥር ላይ በወላጆች ስብሰባ ማስተዋል ሊድያን በንጽሕናዋ አመሰገነቻት። ሰው ሲበተን አበራሽ ግድግዳ እየዳበሰች ስትወጣ አየቻት።

"ዓይንዎ እንዲህ እስኪሆን ለምን ዝም አሉ?"

"የምትነቅልልኝ ልጄ ነበረች። ታሳውርሻለች ስላልሻት ፈራችኝ።"

"እኔ እኮ ጨርቁን ነው ያልኩት። እጇን ታጥባ ልትረዳዎ ትችል ነበር።"

"እሱንስ ነገርሻት?"

በነጋታው ማስተዋል ራሷ አበራሽን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሽፋሽፍቱን በቀዶ ሕክምና መለሱላት፤ ውጋቱ ቆመ። ብሌኗ ግን አስቀድሞ ጠባሳ ይዞ ነበርና ብርሃኑ አልተመለሰም።

ማስተዋል ሊድያን ከጎኗ አስቀምጣ፣ "እናትሽን ማቀፍ አያሳውርም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" ብላ ደጋግማ ነገረቻት።

እሁድ እሁድ እናቷን ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳት ሊድያ ናት። እጇን ግን አትይዝም፤ የምርኩዙን ጫፍ ይዛ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ሴቶቹ ሲያዝኑላት አበራሽ፣ "ተዉአት፣ የተማረችውን ነው" ትላለች።