የተፈቱት የሳዝ ክሮች

ጥበብን ከአባቱ የወረሰ ሰው፣ ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፣ በሁለት ፍርሃቶች መካከል ይኖራል፤ አንደኛው ርስቱን ሳይነኩ አኑሮ ማሻገት፣ ሁለተኛው አድሳለሁ ሲሉ ማጥፋት ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ግን ከደረሰበት በቀር የሚያውቅ የለም።

በቱርክ ምድር፣ በሲቫስ አውራጃ፣ ህድር የተባሉ ስመ ጥርና አንደበተ ርቱዕ ባለዜማ ነበሩ፤ ሳዝ የተባለውን አንገተ ረጅም ባለአውታር መሣሪያ ሲደረድሩ ያዘነ ይጽናናል፣ የተጣላ ይታረቃል። አንዲት ልጃቸው ጉሊዛር ያንን ጥንታዊ ዜማ ከኤሌክትሪክ ኦርጋን ጋር፣ ሳይኬደሊክ ከሚባለውም ኅሊናን በሕልም ዓለም ከሚያንሳፍፈው የጊታር ስልት ጋር ልታዋሕድ ኢስታንቡል ስትገባ የገዛ ሳዛቸውን መርቀው ሰጧት። ነገር ግን ሳዙና ኦርጋኑ አልስማማ አሉ፤ በሳዙ አንገት ላይ ተጠምጥመው የየድምፁን ስፍራ ከሚወስኑት ክሮች ጥቂቶቹን አባቷ በአርባ ዓመት ትዕግሥት፣ በጆሯቸው ብቻ እየመዘኑ ያሰሯቸው ነበሩና፣ የእነዚያ ረቂቃን ድምፆች ማደሪያ በኦርጋኑ ቁልፎች መካከል አልተገኘም። እርሷም አባቷን ሳታማክር ክሮቹን ፈትታ በኦርጋኑ ልክ አሰረቻቸው፤ ዱካቸው የቀረበትንም እንጨት ፍቃ ቀለም ቀባችው። ሙዚቃው ተወደደ፤ ወጣቱ በየአዳራሹ ጨፈረበት፤ እርሷም፣ አይ ሞኝነት፣ ደስ አላት።

በመከር ወራት አባቷ አልጋ መያዛቸው ተነግሯት ሳዙን አንግታ ገሠገሠች። ሽማግሌው ዓይናቸው ፈዝዞ እግራቸው ቢከዳቸውም ጆሯቸው ንቁ ነበረ፤ ሚስታቸውን በቀበሩ ዕለት የደረሱትን ሙሾ እንድትጫወትላቸው፣ በዚያው ዜማ ተሸኝተው እንዲሄዱ ለመኗት። ጉሊዛር ብትደረድር የሙሾው ልብ የሆነው ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከስፍራው ጠፋ።

«ይሄ የእኔ ሳዝ አይደለም» አሉ በቀስታ። «የእኔን አምጪልኝ፣ ልጄ።»

እርሷም እውነቱን መናገር አቅቷት፣ «የእርስዎ ሳዝ ከተማ ቀርቷል፣ አባባ። አስመጣዋለሁ» ብላ ዋሸች።

አመኗት። ሦስት ቀን ሙሉ፣ እርሳቸው ሳዙን የሚያመጣውን መልእክተኛ ሲጠባበቁ፣ እርሷ ከጓሮ ተደብቃ ክሩን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ስትገፋ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ስትስብ፣ ጣቷ እስኪደማ የጠፋውን ድምፅ ስፍራ ፈለገች፤ አጣችው። ጥፋቷን ተናዝዛ ሳዙን ከአልጋቸው አጠገብ ብታቀርበው ኖሮ፣ «ትንሽ ከፍ፣ አሁን ዝቅ» እያሉ ስፍራውን በመሯት ነበር፤ ይህ ግን የታሰባት በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ አባቷ «ሳዙ ደረሰ ወይ?» ብለው ጠይቀው፣ መልሷን ሳይሰሙ ካረፉ በኋላ ነው።

ጥፋቱን የሚያርምለት ሰው በሕይወት ሳለ ለመናገር ያፈረ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለመቃብር ሲናዘዝ ይኖራል።