ሦስተኛው ስም

አቶ መላኩ ሸማውን ሊጨርሱ አንድ ስንዝር ብቻ ሲቀራቸው መወርወሪያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። እግራቸው ከመሥሪያው ጉድጓድ ሳይወጣ፣ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተከሉ። በሩን ተደግፋ የቆመችው ልጃቸው ሰርኬ ቀና ማለታቸውን ስታይ ስልኳን ቶሎ ብላ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደጓት ልጅ ናት፤ ስልክ ስታስቀምጥና ስልክ ስትደብቅ ለይተው ያውቃሉ።

«ምንድነው እሱ?»

«የኤርሚ ውጤት ነው። ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል።»

«ታዲያ ምኑ ይደበቃል?»

«አልደበቅኩም፣ አባዬ።»

የሰርኬ ድምፅ ወትሮም ዝቅ ያለ ነው። ዛሬ ግን ለአቶ መላኩ የባሰ ዝቅ ያለ መሰላቸው።

ኤርሚ ትልቁ ልጃቸው ነው። ብራድፎርድ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከገባ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ባለፈው ሐሙስ ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድሮ፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ደውሎ «አባዬ፣ አልፌያለሁ» ብሏቸዋል። «ስንተኛ ወጣህ?» ሲሉት ግን «በቃ አልፌያለሁ አልኩህ» ብሎ ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ። አቶ መላኩ ስለ አየሩ የሰሙት ነገር የለም። ሌሊቱን ሙሉ ያሰቡት ያቺን የታለፈች ጥያቄ ነው።

ድሩ ላይ የተወጠረው ሸማ ዱንጉዛ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተሰላለፈበት። ዛሬ ሽሮ ሜዳ ላይ ዘፋኙም ሙሽራውም እየገዛ ይለብሰዋል። በአባታቸው አገር፣ በዶርዜ ተራራ ላይ ግን ሰው ዝም ብሎ የሚያጠልቀው ልብስ አልነበረም። ሸንጎ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ አገሩ የመረጠው ሰው፣ ሃላቃ የሚሉት፣ ነበር የሚለብሰው። ሃላቃ ደግሞ አንድ ነው። አንድ ይመረጣል፣ አገሩን ያበላል፣ ይከበራል። ያልተመረጠ ሰው ለብሶት ቢገኝ የሚያፍረው እሱ ብቻ አይደለም፤ የሠራለት ሸማኔም ጭምር ነው።

ኤርሚ ከአሥር ቀን በኋላ ምክር ቤቱ መጀመሪያ ሲሰበሰብ ይህን ዱንጉዛ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እንዲገባ ነበር የአቶ መላኩ ሐሳብ። የክር ነጋዴው የሙዘይን ልጅ ሙኒያ ለትምህርት ወደዚያው አገር ዛሬ ማታ ትበራለች፤ ሻንጣዋን የምትዘጋው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከሷ ሌላ በነዚህ አሥር ቀናት ውስጥ የሚሄድ ሰው አያውቁም። አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል።

«አምጪው፣ ልየው» አሉ።

ሰርኬ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ስልኩን ዘረጋችላቸው። እንግሊዝኛውን አያነቡም። ቁጥር ግን ቁጥር ነው። አሥራ ሁለት ስም ተደርድሯል። ሰርኬ ጣቷን ሦስተኛው ላይ አደረገች።

«ይኸውልህ። ኤርሚያስ መላኩ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አራት ድምፅ።»

«ይሄኛውስ?» የመጀመሪያውን አሳዩአት።

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አንድ።»

«እንግዲያው ያሸነፈው እሱ ነዋ።»

«እሱም አሸንፏል። በየወረዳው ሦስት ሰው ነው የሚመረጠው፣ አባዬ።»

«አንድ ወረዳ ሦስት ሰው?»

«አዎ።»

አቶ መላኩ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩአት። ከስምንት ዓመት በፊት ኤርሚ ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ባለ ጠፍጣፋ ቆብ ደፍቶ የተነሳው ፎቶ መጥቶላቸው ነበር። ተመረቀ ብለው በግ አረዱ፤ የሰፈሩን ሸማኔ፣ የዕድሩን ሰው ጠርተው አበሉ። በዓመቱ ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ኤርሚ ትምህርቱን ሁለተኛ ዓመት ላይ እንዳቋረጠ፣ ካባውም የጓደኛው እንደነበር በቀልድ መልክ ነገራቸው። ሰርኬ ያን ጊዜ ታውቅ ነበር። ሳህን ይዛ ለእንግዳው ሁሉ እየዞረች ስታቀርብ ታውቅ ነበር።

«ስልክሽን ስጪኝ እስቲ» አሉ። «ሙዘይንን ላሳየው።»

ሰርኬ ትንሽ አመነታች። ከዚያ መክፈቻ ቁጥሩን ነግራ ሰጠቻቸው። ያቺን ማመንታትም አቶ መላኩ ልባቸው ውስጥ አስቀመጧት።

ሙዘይን ሱቁ በር ላይ ክር እያሰረ ነበር።

«የተመራጩ አባት» አለ ገና ከሩቅ። «እንግዲህ ቪዛ ካላመጣህልኝ ክር አልሸጥልህም።»

«ሙኒያ አለች?»

«ሰው መጀመሪያ ሰላም ይላል።»

ሙኒያ ድምፃቸውን ሰምታ ከጓዳ ወጣች፤ እጇ ላይ የዕቃ ማሸጊያ ፕላስተር ተጣብቋል።

«ጋሼ መላኩ፣ ዱንጉዛው አለቀ? በርበሬውና ሽሮው መሃል ቦታ ትቼለታለሁ።»

«በርበሬ መሃል?»

«በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ፤ አያስቡ።»

አቶ መላኩ ስልኩን ዘረጉላት። «ይኼን አንብቢልኝ።»

ሙኒያ ገና ዓይኗ ስልኩ ላይ ሳያርፍ «ሦስተኛ ነው፣ ግን ተመርጧል። በየወረዳው ሦስት ሰው ነው የሚመረጠው» አለች።

ቃል በቃል የሰርኬ ነው። አቶ መላኩ ስልኩን መልሰው ተቀበሉ።

«ሳታነቢው አወቅሽው?»

«እ… ሰርኬ ጠዋት ልካልኝ አይቼዋለሁ።»

«ገባኝ» አሉ። የገባቸው ሌላ ነበር። ሁለቱ ልጆች አብረው የተማሩ፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ የምትሰማ ናቸው። ሙዘይን ከኋላቸው «ምነው ፊትህ ጠቆረ? ልጅህ ነው ያሸነፈው ወይስ ባለጋራህ?» አላቸው። አስፋልቱን ተሻግረው «ጳውሎስ፣ ጳውሎስ» የሚል ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። የፈለጉት ሰርኬንም፣ ሙኒያንም፣ ኤርሚንም የማያውቅ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ በላይ የሚገኝበት ቦታ የለም።

መንገድ ላይ ስልኩ እጃቸው ውስጥ ነዘረ። የኤርሚ ስም ወጣ፤ ከሥሩ በአማርኛ አንድ መስመር።

«ሦስተኛ መሆኔን ለአባዬ አልነገርሽውም አይደል? አደራ።»

አቶ መላኩ መልእክቱን ደጋግመው አነበቡት። ከጎናቸው የተቀመጠችው ሴትዮ ልጇን አቅፋ የምርመራ ወረቀት ታገላብጣለች። እሳቸው ግን የታያቸው የዛሬ ስምንት ዓመት ሳህን ይዛ የምትዞር ልጅ ነበረች። ወርደው ወደ ቤት መመለስ፣ ድሩን ፈትተው መጠቅለል አማራቸው። ቢሆንም ጉዞውን ጀምረዋል፤ ሂሳብም ከፍለዋል።

ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለች ካፌ በነጭ ጋዋን ተሞልታለች። አቶ መላኩ ጥግ ላይ ብቻውን ሳንቡሳ የሚበላ ተማሪ መረጡ፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ከማንም ጋር አይመካከርም ብለው።

«ልጄ፣ ይቅርታ። ይቺን ታነብልኛለህ?»

ተማሪው እጁን በሶፍት ጠርጎ ተቀበላቸው። አቶ መላኩ ልጃቸው መሆኑን አልተናገሩም። ይልቁንም ሆን ብለው አጣመው ጠየቁ።

«ይኼ ሦስተኛው ሰውዬ ወድቋል አይደል?»

ተማሪው ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ጊዜ ወስዶ አነበበ።

«አይ፣ አባባ። አልፏል። ያሉት ወንበሮች ሦስት ናቸው። ይኸው የነዚህ የሦስቱ ስም አጠገብ ተመርጧል ይላል። ከአራተኛው ጀምሮ ምንም የለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ተጽፏላ። ለጥቂት ነው የተረፈው ግን። አራተኛው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ሦስት ነው ያገኘው።» ተማሪው ሳቅ አለ። «አሥራ አንድ ሰው አተረፈው። ሀበሻ ነው መሰለኝ፤ መላኩ ነው የሚለው። ዘመድዎ ነው?»

አቶ መላኩ ስማቸውን የማያውቃቸው ሰው አፍ ላይ ሲሰሙት ስልኩን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

«አውቀዋለሁ» አሉ። «ተባረክ።»

ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ሲሞላ ሰዉን ቆጠሩት። አሥራ ሁለት ናቸው። ልጃቸውን ያሳለፈው ሰው ይህችን መኪና እንኳን አይሞላም።

ቤት ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ሰርኬ መሥሪያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሸማው እንደተወጠረ ነው።

«ሙዘይን ሱቅ ሄጄ አጣሁህ» አለች።

ስልኩን ሰጧት። «ኤርሚ የላከልሽን አይቻለሁ።»

ሰርኬ አነበበችው። ፊቷ ቀላ።

«ካለፈ ምን አስደበቃችሁ?»

«ሃላቃ አንድ ነው ስትል ነው ያደግነው» አለች ቀስ ብላ። «ሦስተኛ ሲባል ወደቀ እንደምትል ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።»

አቶ መላኩ ጫማቸውን አውልቀው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፤ መወርወሪያውን አነሱ።

«የት ነበርክ ታዲያ?»

«ጳውሎስ።»

«አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም። አንድ ተማሪ አስነብቤ ነው።»

ሰርኬ ጥለቱን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገች።

«ምን አለህ?»

«አንቺ ያልሽውን።»

መወርወሪያው ግራና ቀኝ ሲመላለስ ብቻ ይሰማል። የቀረችው ስንዝር ስታልቅ አቶ መላኩ መቀሱን አንስተው፣ አንድ አፍታ ይዘውት ቆዩና ሸማውን ከድሩ ላይ ቆረጡት።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ሙዘይን ቤት ደረሱ። ሻንጣው መሬት ላይ አፉን ከፍቷል። ሙኒያ ዱንጉዛውን ልትቀበል ሁለት እጇን ዘረጋች። አቶ መላኩ ግን አለቀቁትም።

«ሙኒያ ልጄ፣ እዚያ ስትደርሺ ጊዜ ካለሽ ያ ምክር ቤት የሚሉት ቦታ ሂጂና፣ ወንበሩ ላይ መቀመጡን በዓይንሽ አይተሽ…»

«አባዬ» አለች ሰርኬ ከኋላቸው። ድምፅዋ ያው ዝቅ ያለው ድምፅ ነው። «ሙኒያም ከኛ ጋር ተመካክራ ቢሆንስ?»

ሙዘይን ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊታቸውን አይቶ ተወው። አቶ መላኩ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩአት። እየቀለደች አልነበረም። እየጠየቀች ነው፤ መልሱንም ትጠብቃለች።

ሸማውን ለቀቁት።

«ተይው፣ ሙኒያ» አሉ። «ብቻ ስጪልኝ። ጥለቱ እንዳይነካ በርበሬውን ከሥር አድርጊው።»