ምሰሶው ጫፍ ላይ የቀረው ሮይስ

በምሥራቅ ኬንታኪ ባለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ የመብራት መስመር ዝርጋታ ከሚማሩት መካከል ሴቷ ዴልፊያ ኮምብስ ብቻ ነበረች። እናቷ ኦልታ ነርስነት ብትማርላት ነበር የምትወደው። ሁለቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ይሰጣሉና "በር ተሳስተሽ ነው የገባሽው" እያለች ትነዘንዛታለች። ባሏ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ እንደገባ ከቀረ ወዲህ፣ አደጋ ያለበትን ሥራ ስሙንም መስማት አትፈልግም።

ያን ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። አብሯት የሚማረው ሮይስ ኮሌጁ ሜዳ ላይ የተተከለው የልምምድ ምሰሶ ጫፍ ላይ ሆኖ ሽቦ ያስራል።

"ቁርስ ሳትበላ ነው እንዴ የወጣኸው? እጅህ ይንቀጠቀጣል" አለችው ከታች።

"አንቺ ገመድሽን ያዢ፣ እኔን ለእኔ ተዪኝ።"

ትንሽ ቆይቶ ፒንሳው ከእጁ አምልጦ አጠገቧ ወደቀ። ቀና ስትል ሮይስ ወደ ኋላ ተንጋልሎ በቀበቶው ብቻ ተንጠልጥሏል። ብትጠራው አልመለሰም።

አስተማሪያቸው ሃርጊስ ከሜዳው ማዶ እያነከሰ ደረሰ። ጉልበቱ ከተጎዳ ወዲህ ምሰሶ አይወጣም።

"ሰው የሚያነሳው መኪና እስኪመጣ ከጠበቅን ቀበቶው ትንፋሽ ያሳጣዋል" አላት። "ትወጫለሽ?"

ዴልፊያ ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

ጫማዋ ላይ የታሰረውን የመውጫ ብረት እሾህ እንጨቱ ላይ እየሰካች ወጣች። መሃል ላይ አንድ እግሯ ከዳትና ደረቷ ምሰሶውን እየፋቀ ተንሸራተተች። ዓይኗን ጨፍና ምሰሶውን አቀፈች።

"ወደ ታች እንዳታዪ። ቀኝ እግርሽን ትከዪ" አለ ሃርጊስ። ተከለች።

ስትደርስ የሮይስ ከንፈር ጠቁሯል። ገመዱን በአግዳሚው እንጨት ላይ አዙራ በብብቱ ሥር አሰረችውና ሌላውን ጫፍ ሃርጊስና ተማሪዎቹ እንዲይዙት ወደ ታች ጣለችላቸው። ቢላዋዋን አውጥታ ቀበቶውን ስትቆርጥ፣ 'ቋጠሮዬ ባይዝስ' ብላ አሰበች። ያዘ። እነ ሃርጊስ ከታች ገመዱን ቀስ እያሉ ለቀቁለት። ሮይስ መሬት ነክቶ ሲያስል ስትሰማ ነው እሷም የተነፈሰችው።

ኦልታ ወሬውን ሰምታ ስትመጣ ልጇ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች።

"በቃ፣ ነገ ነርስነት ትመዘገቢያለሽ" አለቻት።

"ነገም ምሰሶ እወጣለሁ እማ። የምሰሶው ልምምድ ኮሌጁ ለሚሰጠው የሁለት ዓመት ዲግሪ ይቆጠርልኛል፣ የቀረውን የክፍል ትምህርት እጨምርበታለሁ። ነርስነቱን ግን ተዪልኝ።"

"ብትወድቂስ?"

"ዛሬም ልወድቅ ነበር።"

ኦልታ የልጇ ክንድ ላይ የተሰኩትን የእንጨት ስንጥሮች አየችና፣ አጠገቧ ተንበርክካ አንድ በአንድ ትነቅልላት ጀመር።